የናርሲስን ጋርተር እባቦች እንዴት ማየት ይቻላል?

በካናዳ ማኒቶባ፣ ከዊኒፔግ በስተሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናርሲስ የሚባል ቦታ አለ። በየጸደዩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎናቸው ቀይ የሆነ ጋርተር እባቦች እዚያ ከመሬት ስር ይወጣሉ። ንክሻቸው ለሰው ሕይወት አያሰጋም። ስለዚህ እባብ የምትፈሩም ብትሆኑ አትቅሩ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ጥሩው ጊዜ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው። ፀሐይ የወጣበትና ሞቅ ያለ ቀን ይሁን። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ በብርድ ቀን ብትሄዱ የምታዩት ጥቂት ነው።

ከዚያ በሀይዌይ 17 ናርሲስን አልፋችሁ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ንዱ። ቀስ በሉ። እዚህ መንገድ ላይ ብዙ እባቦች በመኪና አልቀዋል። አሁን አጥርና ከአስፋልቱ ስር የሚያሻግር ቱቦ ተሠርቶላቸዋል፤ ቢሆንም ሾፌሩ ዓይኑን መንገዱ ላይ ያድርግ።

ስትደርሱ አራቱን ጉድጓዶች የሚያገናኘውን 3 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተከተሉ። ድንጋዩ በውሃ የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ነው። ስንጥቆቹ ውርጭ እስከማይደርስበት ድረስ ይወርዳሉ፤ እባቦቹ የማኒቶባን ክረምት የሚያልፉት እዚያ ተቃቅፈው ነው።

አሁን አንድ ቦታ ቁሙና ጠብቁ። ችኮላ እዚህ አይሠራም። ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ ናቸው። ወፈር ብላ ረዘም ያለች ሴት ብቅ ስትል በደርዘን የሚቆጠሩ ወንዶች ይጠመጠሙባታል። ምላሳቸውን ደጋግመው ሲያወጡ ታያላችሁ፤ ቆዳዋ ላይ ያለውን ሽታ እያነበቡ ነው። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ገና ከጉድጓድ የወጣና የደነዘዘ ወንድ አንዳንዴ እንደ ሴት ይሸታል። ሌሎቹ ሲጠመጠሙበት እሱ ይሞቃል።

ለመንካት ከፈለጋችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ። በቀስታ ካልያዛችሁት የሚገማ ፈሳሽ ይለቅባችኋል። እግራችሁ የት እንደሚያርፍም እያያችሁ ተራመዱ፤ ሣሩ ውስጥም አሉ።

ከተጋቡ በኋላ ሴቶቹ ቶሎ ወደ ረግረጉ ይሄዳሉ። እንቁራሪት እየበሉ ይከርማሉ፤ በበጋው መጨረሻ እንቁላል ሳይጥሉ ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ። ጸደዩ ካመለጣችሁ በሴፕቴምበር ሞቃት ቀን ሂዱ። ግርግሩ ባይኖርም ወደ ጉድጓዳቸው ሲመለሱ ታገኟቸዋላችሁ።