ከደንበኞች የሚታመን መልስ ለማግኘት፦ የኢንተርኔት መጠይቅ አዘገጃጀት

መጠይቅ በኢንተርኔት ማሰራጨት ቀላል ሆኗል። ጉግል ፎርምስን ወይም ማይክሮሶፍት ፎርምስን ከፍቶ ጥያቄ መደርደርና ሊንኩን መላክ ማንም ይችላል። ከባዱ የሚታመን መልስ ማግኘት ነው፤ ድካምዎም መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

1. ከውሳኔው ይነሱ

ጥናቱ ሲያልቅ የሚወስኑትን ነገር አስቀድመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ፦ ዋጋ ልጨምር ወይስ ልተው? አዲሱን ምርት ላስገባ ወይስ ይቆይ? ከዚያ ለመጠየቅ ባሰቡት በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «መልሱ አዎ ቢሆን ምን አደርጋለሁ? አይደለም ቢሆንስ?» ይበሉ። ሁለቱም መልሶች ወደ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ከሆነ ጥያቄውን ይሰርዙት።

2. የሚጠየቁትን ሰዎች ይምረጡ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ለመተንበይ 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቆችን በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ደረሰው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። ያሸነፈው ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። አድራሻዎቹ በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ ስለነበሩ ድሃው መራጭ በሚገባ አልተወከለም፤ መጠይቁ ከደረሳቸውም መካከል የላንደን ደጋፊዎች መልስ ለመላክ ይበልጥ ተግተው ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ በዚያው ምርጫ እጅግ ባነሰ ናሙና (ለመጠየቅ በተመረጡ ጥቂት ሰዎች) አሸናፊውን በትክክል ተናግሯል።

ሊንኩን በማኅበራዊ ገጽዎ ላይ ብቻ ከለጠፉ ተመሳሳይ ችግር ይገጥምዎታል። ቀድመው የሚመልሱት በጣም የወደዱዎትና በጣም የተቆጡብዎት ናቸው፤ ገዝቶ ዝም የሚለው ብዙኃን ይቀራል። ስለዚህ ከደንበኞች መዝገብዎ በዕጣ ይምረጡ፤ መግዛት ያቆሙትንም አይተዉ፤ የሄዱበትን ምክንያት የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸውና። ከብዙ ደንበኞች መካከል በዕጣ የተመረጡ 385 ሰዎች ከመለሱ፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ (ጥናቱ 100 ጊዜ ቢደገም በ95ቱ ያህል) የስሕተቱ መጠን፣ ማለትም ውጤቱ ከሁሉም ደንበኞች እውነተኛ መልስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚርቅበት ልክ፣ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 100 ከሆኑ ወደ 10 ይሰፋል። ዕጣ በሌለበት ግን የመላሾቹ ብዛት ዋስትና አይሰጥም።

3. ጥያቄዎቹን ይጻፉ

«ፈጣኑን አገልግሎታችንን ምን ያህል ወደዱት?» የሚለው ጥያቄ መልሱን አፍ ውስጥ ያስገባል። «በዋጋውና በጥራቱ ረክተዋል?» ደግሞ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ዋጋው አስመርሮት ጥራቱን የወደደ ሰው የሚመልሰው የለውም። ለየብቻ ይጠይቁ።

ከሁሉ የባሰው «ይህ ምርት ቢቀርብ ይገዛሉ?» የሚለው ነው። አዎ ማለት ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰውም ጠያቂውን ማስቀየም አይወድም። በዚህ ፈንታ የሆነውን ይጠይቁ፦ ባለፉት ሦስት ወራት እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝተዋል? ከየት ገዙ? ምን ያህል ከፈሉ? ያደረገውን የሚናገር ደንበኛ አደርጋለሁ ከሚለው ይልቅ ይታመናል።

ለእርካታ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሬንሲስ ሊከርት ያስተዋወቀውን ባለ አምስት ደረጃ ሚዛን ይጠቀሙ፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። የድጋፍና የተቃውሞ ምርጫዎች ቁጥር እኩል ይሁን። ዕድሜ ሲጠይቁ «ከ18 እስከ 25» እና «ከ25 እስከ 35» አይበሉ፤ 25 ዓመት የሆነው ሰው የቱን ይምረጥ? «አይመለከተኝም» የሚል አማራጭም ያስገቡ፤ ከሌለ ሰው ዝም ብሎ ይገምታል። በመጨረሻ አንድ ክፍት ጥያቄ ይተዉ። ያላሰቡት ነገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእርሱ ነው።

4. አዘጋጅተው ይሞክሩት

ቀላሉን ጥያቄ በመጀመሪያ፣ ስለ ገቢና ስለ ዕድሜ የሚጠይቀውን በመጨረሻ ያድርጉ። በስክሪን ላይ ከላይ የሚቀመጥ አማራጭ ብዙ ጊዜ ስለሚመረጥ፣ የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል ለየመላሹ እንዲቀያየር ያድርጉ፤ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚሄዱ ሚዛኖች ግን አይነኩም። መጠይቁ በሞባይል ስልክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢያልቅ መልካም ነው።

ከመላክዎ በፊት ሥራውን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች ይስጡና የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ እንዲሞሉት ይጠይቁ። የት እንደሚያመነቱ ልብ ይበሉ። ይህን መዝለል አልመክርም፤ መልስ መግባት ከጀመረ በኋላ ጥያቄ ማስተካከል የቀደሙትን መልሶች ከኋለኞቹ ጋር እንዳይነጻጸሩ ያደርጋልና።

5. ይላኩ

መልእክቱ ማን እንደሚጠይቅ፣ ለምን እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በግልጽ ይናገር። ስም ካላስፈለገ አይጠይቁ፤ ካስፈለገም ለምን እንደሚጠቀሙበት ይግለጹ። ላልመለሱት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ በላይ ማሰልቸት ነው። ስጦታ ካለ መልሱ ምንም ይሁን ምን የሚሰጥ መሆን አለበት።

6. መልሱን ያንብቡ

መጠይቁን ለማንበብ በማይበቃ ጊዜ የጨረሱትንና ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ምርጫ የሞሉትን ያውጡ። ጥቅሉን አማካይ ብቻ አይመልከቱ፤ አዳዲስ ደንበኞችን ከነባሮቹ፣ አዘውታሪውን አልፎ አልፎ ከሚገዛው ጋር ያነጻጽሩ። መላሾቹ 10 ከሆኑ «60 በመቶ» ሳይሆን «ከ10 ሰዎች 6ቱ» ብለው ይጻፉ። ክፍት መልሶችን ሁሉንም ያንብቡና በየጉዳያቸው ይመድቡ። ከዚያ ውጤቱን ከሽያጭ መዝገብዎ ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተጣሉ ለሽያጩ ያድሉ፤ ግን ለምን እንደተጣሉ ለማወቅ ለጥቂት ደንበኞች ስልክ ይደውሉ።

ጥናቱን ከስድስት ወር በኋላ የሚደግሙት ከሆነ ጥያቄዎቹን ከነቃላቸው ያስቀምጡ። አንድ ቃል እንኳ ከተቀየረ፣ የታየው ለውጥ ከደንበኛው ይሁን ከጥያቄው መለየት አይቻልም።