ካርቡራተር ከታደሰ በኋላ ሞተር ሲተኩስ

የአሮጌ መኪናዬን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በአዲስ የጥገና ዕቃ ከገጠምኩ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ሳደርግ ግን ለቅጽበት ይታፈንና በካርቡራተሩ አፍ በኩል ይተኩሳል።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ የገመዶቻቸውን ቅደም ተከተል አመሳከርኩ፤ እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ በታይሚንግ መብራት ለካሁ። ሁሉም ልክ ነበር። አየር እንዳያስገባ በካርቡራተሩ ሥር ያሉትን ብሎኖች እንደገና አጠበቅኩ። ተኩሱ አልቀረም።

መላው የተገኘው ሞተሩን አጥፍቼ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሥቼ፣ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እያየሁ ስሮትሉን (አየር የሚያስገባውን በር) በእጄ ስከፍት ነው። ያን ጊዜ ከትንሿ አፍንጫ ወዲያውኑ ቀጭን የቤንዚን ክር መፈንጠቅ አለበት። ከእኔው ጠብታ እንኳ አልወጣም። ስሮትሉ በድንገት ሲከፈት አየሩ ቀድሞ ይገባል፤ የማፋጠኛው ፓምፕ በዚያች አፍንጫ ቤንዚን ካልጨመረበት ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ እሳቱ የመግቢያው ቫልቭ እስኪከፈት ይቆይና ወደ ኋላ ይመለሳል።

ክዳኑን ፈታሁ። ፓምፑ ደህና ነው። እንኳንም አሮጌውን ጋስኬት (በክዳኑ ሥር የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) አልጣልኩት! በአዲሱ ላይ ደርቤ ወደ ብርሃን ብይዘው፣ በአዲሱ ላይ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያላት አንዲት ቀዳዳ ጎደለች፤ የፓምፑ ቤንዚን የሚያልፍባት። በጥገና ዕቃው ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ጋስኬቶች ነበሩ፤ ትክክለኛው ሌላኛው ነው። ቀየርኩት፤ ክሩ ፈነጠቀ፤ ተኩሱም ቆመ።