የታችኛው መንጋጋ ኢምፕላንት፦ በሲቲ ምስል እንዴት ይታቀዳል?

ፓኖራሚክ ራጅ (ሙሉውን መንጋጋ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል የሚያሳይ ራጅ) የአጥንቱን ውፍረት አያሳይም፤ መጠኑንም ያጎላል። ለታችኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ሲታቀድ ኮን ቢም ሲቲ (መንጋጋውን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ታካሚው ጉትቻ፣ መነጽርና የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያውልቅ። የላይና የታች ጥርሶች እንዳይነካኩ መሃላቸው ጥጥ ይነከስ። በጉንጭና በድድ መካከልም ጥጥ ከገባ የድዱ ውፍረት ተለይቶ ይታያል። ለአንድ ጥርስ 5 በ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሸፍን፣ ቮክሰሉ (የምስሉ ትንሿ ኪዩብ) 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል ይበቃል። የመሰርሰሪያ ጋይድ (ጥርሶች ላይ አርፎ መሰርሰሪያውን የሚመራ ቅርጽ) የሚሠራ ከሆነ ግን ጋይዱ የሚያርፍባቸው ጥርሶችም መታየት ስላለባቸው ሰፋ ይበል። የአጥንቱ ጠርዝ ድርብ መስመር ሆኖ ከወጣ ታካሚው ተንቀሳቅሷል፤ በዚያ ላይ አይለካም።

ፋይሉ እንደተከፈተ ለመለካት አይቸኩሉ። ቁራጭ ምስሉ ኢምፕላንቱ የሚቆምበትን አቅጣጫ ተከትሎ፣ ለመንጋጋው ቅስት ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት። ከተንጋደደ አጥንቱ ከእውነተኛው መጠኑ በልጦ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ስህተት ይህ ነው።

ቀጥሎ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ በሶፍትዌሩ ላይ ይሳሉ። ከአገጩ ጎን ካለው የነርቭ መውጫ ቀዳዳ ተነስተው በ1 ሚሊ ሜትር ቁራጮች ወደ ኋላ ይከተሉት። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚስለውን መስመር ሳያጣሩ አይቀበሉ።

በሶፍትዌሩ ላይ ኢምፕላንቱን ከማስቀመጥዎ በፊት ክራውኑን (ከላይ የሚገጠመውን ሰው ሠራሽ ጥርስ) ያስቀምጡ። የአፍ ውስጥ ስካኑን ከሲቲው ጋር ሲያጣምሩ ብረት የሌለባቸውንና የተራራቁ ሦስት ጥርሶች ይምረጡ። ከብረት ክራውን አጠገብ የሚታይ ጥቁር ጥላ የአጥንት ጉድለት ላይሆን ይችላል።

አሁን ስሌቱ። ከአጥንቱ ጫፍ እስከ ነርቩ ጣሪያ 13.5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 2 ለጥንቃቄ ሲቀነስ 11.5 ይቀራል። የመሰርሰሪያው ሹል ጫፍ ከተጻፈው ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያልፍ ስለሚችል ወደ 10.5 ይወርዳል፤ ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ኢምፕላንት። የአጥንቱ ጫፍ ስለታማ ሆኖ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚላግ ከሆነ ግን ወደ 8 ይውረዱ። በወርድ በኩል 4.1 ሚሊ ሜትር ኢምፕላንት በጉንጭና በምላስ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት እንዲቀርለት ቢያንስ 7.1 ይፈልጋል። ከጎረቤት ጥርስ ሥርም 1.5 ይራቅ።

በምላስ በኩል ያለውን ጉድጓድ ታች ድረስ ይዩት። ላዩ ሰፊ የሆነ አጥንት ከሥሩ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መሰርሰሪያው በዚያ ከወጣ በምላስ ሥር የሚፈሰው ደም የመተንፈሻ መንገድን እስከ መዝጋት ይደርሳል። ሶፍትዌሩ በምስሉ ላይ የሚያሳየውን የግራጫ መጠን ቁጥሮች ደግሞ እንደ አጥንት ጥንካሬ መለኪያ አይውሰዷቸው፤ በኮን ቢም ከማሽን ማሽን ይለያያሉ።

ጋይድ ከማዘዝዎ በፊት ታካሚው አፉን ምን ያህል እንደሚከፍት ይለኩ። በጋይድ የሚገባው መሰርሰሪያ ረጅም ስለሆነ ከኋላ ጥርሶች ላይ ቦታ ያጥረዋል። ጋይዱ ሲመጣም ጥርሶቹ ላይ በትክክል ማረፉ እንዲታይ የማያ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከተወዛወዘ አይሰርስሩበት።