ድሬና ሐረር ዙሪያ ፍሬ ለቀማ ስትወጡ የማይሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደውላ «እናንተ ጋ አበባ ራስህ እየቆረጥክ የምትገዛበት እርሻ አለ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። የአበባ እርሻው በብዛት ያለው እነሱው አጠገብ ነው፤ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ። አበባውም በአብዛኛው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄድ ነው። እኛ ጋ አበባ ከተባለ የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ቀይ ለብሶ መንገዱን ሲሞላ አይተሽው ታልፊያለሽ እንጂ አትቆርጪውም። ለቀማ ካማረሽ ፍሬ ነው፤ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ።

መጣች፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን የሠራነው በዚያች አንድ ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት አለማወቅ ነው። ከሐረር ወርደን ድሬ አጠገብ ካለው ማሳ የደረስነው አርብ ቀን፣ 6 ሰዓት ላይ። ባለማሳው ሀጂ ለጁምዓ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ተገናኘን። ከጁምዓ በኋላ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ጫት መቃሚያው። በርጫ የተቀመጠን ሰው አስነስቶ «መሰላል ያዙልኝ» ማለት ነውር ነው። ሙቀቱም አለ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ያስለመደችንን አየር ድሬ አትሰጥም፤ እሷ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ቀድሞ መደወል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መድረስ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ መውጣት። ወቅቱን ደግሞ ድሬ ከፊራ ገበያ ወይም ሐረር ሸዋ በር ገበያ ያሉ ሻጮችን መጠየቅ ይበቃል። ጊሽጣ በቅርጫት ካልታየ ዛፉም ላይ የለም።

ሁለተኛው ብርቱካንን በመልኩ መናቅ ነው። እህቴ አረንጓዴውን እያለፈች ቢጫ ፍለጋ ማሳውን ዞረች። ሀጂ ዝም ብለው አዩዋትና አንዱን አረንጓዴ ቆርጠው ሰጧት። ማር ነው! ብርቱካን ቢጫ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊቱ በሚሞቅበት ቆላ ውስጡ በስሎ ልጣጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በእጅ መመዘን ነው፤ ከበድ ያለው ውሃ የያዘው ነው። ከዚያ አንድ ቀምሶ መወሰን። ብርቱካን ከዛፉ ከወረደ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ጎምዛዛውን ለቅሞ ቤት ይበስላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሲወርድም በመቀስ ይሁን። ጎትተው ሲነቅሉት ከዛፉ የተያያዘበት ቦታ ላይ ልጣጩ ይገሸለጥና ከዚያ ይበሰብሳል።

ማንጎ የተገላቢጦሽ ነው። ጠንካራው ቤት ውስጥ ይበስላል፣ ትከሻው ሞልቶ ከሆነ። እዚህ ላይ ያጠፋነው ሌላ ነው፤ ዛፉን ነቀነቅነው። የወደቀ ማንጎ ላዩ ደህና ይመስላል፣ በሁለተኛው ቀን ውስጡ ይጠቁራል። መረብ ያለው ረጅም እንጨት ጠይቁ። ከተቻለ ከነአንገቱ፣ ጣት የሚያህል ግንድ አስቀርታችሁ ቁረጡ። አንገቱ ሲሰበር የሚፈናጠቀው ሙጫ ቆዳ ያቃጥላል። ትንሹ የእህቴ ልጅ እንደወረደ በጥርሱ ሊልጠው ሞከረና ከንፈሩ ለሦስት ቀን አብጦ ከረመ። ማንጎውን አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ሙጫውን ማንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ማጠብ ነው።

ጊሽጣ ላይ ብዙ አልልም። እብጠቶቹ ተራርቀው በመካከላቸው ነጣ ያለ መስመር ሲታይ ይወርዳል፤ በጥቂት ቀን ይለሰልሳል። ውስጡ ያለውን ዘር ግን ልጆች እንዳያኝኩት። መርዛማ ነው፤ ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል።

ያልታጠበ መብላትም አለ። ሐረርጌ ውስጥ ብዙ ቦታ ዘይቱኑና ጫቱ ጎን ለጎን ነው የሚተከሉት። ጫቱ ተረጭቶ ከሆነ ዘይቱኑም ደርሶታል። «መድኃኒት የተረጨው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

አሁን ትልቁ። ማሳዎቹ ብዙ ጊዜ የደረቀ አሸዋ ወንዝ ዳር ናቸው። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪና ለማቆም ይጋብዛል። እዚያ አታቁሙ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። የድሬ ሰው ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን አይረሳም። እኛም አሸዋው ላይ አቁመን ነበር። የሀጂ ልጅ ሮጦ መጥቶ «አቦ፣ አንሣት!» ሲለኝ የማቆሚያ ገንዘብ የፈለገ መስሎኝ ነበር። እስካሁን አፍራለሁ።

ሒሳብ። በኪሎ ይሁን በሳጥን ሳትለቅሙ ተነጋገሩ። «ቅመሱ» ሲሏችሁ ቅመሱ፤ ሆድ እስኪሞላ ግን አይደለም። የለቀማችሁትንም «ይሄ አላማረኝም» ብላችሁ መልሳችሁ አትጣሉ። የወረደ ፍሬ የእናንተ ነው። ፎቶም ሳታስፈቅዱ አታንሱ፣ በተለይ ሴቶቹን።

የመጨረሻው ፌስታል ነው። ሳጥን ወይም ቅርጫት፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ዘይቱን ከላይ፣ ማንጎ ከታች። እህቴ ሁሉንም አንድ ላይ በፌስታል አስራ ኋላ ጫነችው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ መኪናው በዘይቱን ሽታ ታፈነ፤ ልጆቹ መስኮት አስከፈቱ። ሐረር ደርሰን ስንፈታው ደህና ሆኖ የተረፈው ብርቱካኑ ብቻ ነበር። ያውም አረንጓዴው።