የድሮ ስፖርት መኪና ሽቦ፦ አምፑሉን ትታችሁ ማሳውን ጠርጥሩ

ባትሪው 12.6 ቮልት አለው። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። አምፑሎቹም አልተቃጠሉም። መኪናው ግን ማታ ማታ ያስቸግራል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማወራው። ማሳ የምለው ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው።

መኪና ስል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩትን፣ ካርቡራተር ያላቸውንና ኮምፒውተር የሌላቸውን ባለሁለት በሮች ማለቴ ነው። ሽቧቸው ትንሽ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊከተለው ይችላል። የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። ከዕድሜው ይበልጥ ደግሞ በየጊዜው የነካካው እጅ ያስቸግራል።

ቀድሜ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ የሚፈታው ከቦዲው ጋር የታሰረው ጫፍ ነው። «ሁልጊዜ ኔጋቲቩ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪናዎች ብዙዎቹ ቦዲያቸው የታሰረው ከፖዘቲቩ ጋር ነው። ኤምጂቢ የተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ እንዲያ ነበር። ሌላውን ጫፍ ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ቆርቆሮውን ከነካ እዚያው ይበየዳል። እጃችሁ ላይ ቀለበት ካለ አውልቁት።

ፍሬን ሲረገጥ የታርጋው መብራት ይበራል

ምልክቱ ብዙ መልክ አለው። ፍሬን ሲረገጥ የታርጋው መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላው ቀይ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ክላክስ ሲነፋ የፊት መብራቱ ይደክማል። አንዱ የኋላ መብራት ደማቅ ሆኖ ሌላው የሞተ ይመስላል።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ስዊች አትቀይሩ፣ አምፑልም አትግዙ። ማሳው ተበላሽቷል። ከሚመጡልኝ ችግሮች ይህን ያህል የሚደጋገም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ መብራት አምፑል ብዙውን ጊዜ ሁለት ክር አለው፤ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለማታ። ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲበላሽ በፍሬን ሽቦ የመጣው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በ5 ዋቱ ክር በኩል ወደኋላ ተመልሶ፣ በማታው መብራት ሽቦ አድርጎ፣ በታርጋው አምፑል ውስጥ አልፎ ደህና ማሳ ያገኛል። ፍሬን ረግጣችሁ ታርጋው የሚበራው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲለካ ነው። መልቲሜትሩን ኦም (ተቃውሞ መለኪያው) ላይ ያደርጋል፣ ዜሮ ያነባል፣ «ማሳው ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ኦም ሲለካ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ከሃያ ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብቻ ብትተርፍም ዜሮ ያሳያል። መብራቱ ብዙ አምፒር ሲጠይቅ ግን ያቺ አንዲት ክር አትችልም።

ስለዚህ መብራቱን አብርታችሁ ቮልት ለኩ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪ ምሰሶ ላይ አድርጉ። ካፖኮርዳው (የገመዱ ጫፍ ማሰሪያ) ላይ አይደለም፣ የእርሳስ ምሰሶው ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የአምፑሉ መያዣ ብረት ላይ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። 0.5 ካለፈ ችግሩን አግኝታችኋል። አሁን ጫፉን ወደ ባትሪው እያቀረባችሁ ለኩ፤ መጀመሪያ መያዣውን፣ ከዚያ የማሳውን ሽቦ፣ ከዚያ ብሎኑን፣ ከዚያ ብሎኑ አጠገብ ያለውን የተፋቀ ቆርቆሮ። ብሎኑ ላይ 1.8 ብሎ ቆርቆሮው ላይ 0.1 ካለ፣ በሁለቱ መሃል ዝገት ወይም ቀለም ገብቷል።

ቀለም ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ቀለም የተቀባ በጣም የሚያምር መኪና መጣልኝ። ባለቤቱ የኋላ መብራት መያዣዎቹን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሦስቱም ጊዜ አልሠራም። ብሎኑን ስፈታው ሥሩ ያለው ቆርቆሮ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ቀለሙ በሦስት ድርብ ተቀብቷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በካቻቢቴ ጫፍ ስፍቀው መጀመሪያ ቀዩ፣ ከዚያ ግራጫው ተነሣና ነጭ ብረት ብቅ አለ። ብሎኑን መልሼ ስጠብቀው ሁለቱም መብራቶች እኩል በሩ። የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው። መኪና አስቀብታችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት የማሳ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ እዩ።

ሌላኛው የባሰ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ደግሞ የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል። ባለቤቱ ሁለት ባትሪና አንድ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ገዝቷል። ኮፈኑን ከፍቼ «አስነሣ» አልኩት። ከነዳጅ ፔዳሉ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የብረት ገመድ ሽፋኑ እያየሁት መጨስ ጀመረ። ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ምሰሶ ስለካ 4 ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ካምቢዮ ሲወርድ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ሞተሩ በላስቲክ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ያለዚያ ገመድ ከቦዲው ጋር አይገናኝም። ሞተሪኖው የሚፈልገው ከመቶ በላይ አምፒር በዚያ ቀጭን የፔዳል ገመድ ነበር የሚመለሰው። ትንሽ ቢቆይ ገመዱ ይጣበቅና ነዳጁ እንደተሰጠ ይቀር ነበር። መንገድ ላይ እንዲህ ቢሆን ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ሞተር ወይም ካምቢዮ የነካ ሰው ሁሉ ሥራውን ጨርሻለሁ ከማለቱ በፊት ያንን ገመድ በእጁ ይንካ።

ጥገናው ቀላል ነው፣ ግን ቸኩላችሁ አትሥሩት። ቀለሙን ከካፖኮርዳው ሰፋ አድርጋችሁ እስከ ነጭ ብረቱ ፋቁ። ጥርስ ያላት ሮንዴላ ጨምሩ፤ ብረቱን ነክሳ የምትይዘው እሷ ናት። ካፖኮርዳው በደንብ የተጨመቀ ይሁን። ብሎኑን አጥብቁ፤ ካጠበቃችሁ በኋላ በላዩ ቫዝሊን ቀቡበት። የሞተሩ ማሳ ከባትሪው ገመድ የቀጠነ እንዳይሆን። ለኋላ መብራቶች ደግሞ መያዣው ብረት ቦዲውን ስለነካ ብቻ አትተማመኑ። ከሁለቱም መብራት 2 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አምጥታችሁ አንድ ጥሩ ብሎን ላይ እሰሩ። እኔ ይህን ሳልሠራ መኪና አላስረክብም።

አዲስ ቀዳዳ ልትበሱ ከሆነ ከሥር ምን እንዳለ እዩ። በእነዚህ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ የቤንዚን ታንኩ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ወለል ሥር ወይም ከኋላው ነው። ሳያዩ መብሳት አይቻልም። በፍጹም።

የፊት መብራቱ ቢጫ ነው፣ ስዊቹም ይሞቃል

ማሳው ደህና ሆኖ መብራቱ ከደከመ የሽቦው አሠራር ነው ምክንያቱ። ሁለት 60 ዋት አምፑሎች 10 አምፒር ይወስዳሉ። በድሮው አሠራር ይህ ሁሉ የሚያልፈው በዳሽቦርዱ ስዊች፣ ከዚያ ረጅምና አጭር በሚለውጠው ስዊች፣ ከዚያ የጥይት ቅርጽ ባላቸው መገጣጠሚያዎች ነው። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል። መብራቱ እየበራ ሶኬቱ ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ 13.8 ሆኖ ሶኬቱ ላይ 11.5 ማግኘት የተለመደ ነው። ቮልት በአሥር ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሠላሳ ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቁጥሩ ከሚያሳየው በላይ ነው።

መፍትሄው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ብዙውን የሚያሳልፍ ስዊች ማለት ነው። አንድ ለረጅም፣ አንድ ለአጭር። ከባትሪው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ30 አምፒር ፊውዝ አድርጋችሁ የሪሌው እግር ቁጥር 30 ላይ አስገቡ። የድሮው የመብራት ሽቦ ቁጥር 86 ላይ ይግባ፤ ከእንግዲህ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው። 85 ማሳ። ከ87 ለግራና ለቀኝ ለየብቻ በ10 አምፒር ፊውዝ ይውጣ። አንዱ ፊውዝ ማታ መንገድ ላይ ቢቃጠል ሌላው መብራት ይቀርላችኋል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር በላይ አይራቅ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ የሚጠብቀው የለም፣ ቢነካካ የሚቆመው ተቃጥሎ ሲያልቅ ነው።

ርካሽ ሪሌ አትግዙ። ላዩ ላይ 40 አምፒር ተጽፎበታል፤ ሽፋኑን ስትነቅሉት ግን መዳቡ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። አንድ ዝናብ የበዛበት ሳምንት ካለፈበት በኋላ ተጣብቆ መብራቱ አልጠፋም ያለ አይቻለሁ። 100 ዋት አምፑል ማስገባትም መፍትሄ አይደለም፣ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ፊውዙ በተተካ ቁጥር ይቃጠላል

የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው አለ። እባካችሁ አታድርጉት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ብሩን ስትጠቀልሉበት በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ እሽግ ነው፤ እሽጉ ደግሞ ከእግራችሁ በላይ ነው ያለው። እንዲህ የተቃጠለ አንድ መኪና ላይ ሃያ ሽቦ አንድ ላይ ቀልጦ እንደ አንድ ዱላ ሆኖ አውጥቻለሁ።

ሾርቱን (ሽቦው ቦዲውን የነካበትን ቦታ) ለማግኘት ፊውዝ አታባክኑ። በፊውዙ ቦታ ሁለት ሽቦ ያለው 21 ዋት አምፑል አስገቡ። ሾርት ካለ አምፑሉ በደማቁ ይበራል፤ ከ2 አምፒር በላይም ስለማያሳልፍ ሌላ ነገር አይቃጠልም። አሁን ሽቦውን ከቦታ ቦታ አነቃንቁ። አምፑሉ የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት ቦታ ነው ጥፋቱ። እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሽቦው ከሞተሩ ወደ ጋቢናው በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ጎሚው ተሰባብሮ ወድቋል፣ የቆርቆሮው ጠርዝም ሽቦውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ መሪው ሥር፣ ከዚያ የበር ማጠፊያው አጠገብ እዩ።

የእንግሊዝ መኪና ከሆነ ቀለሙ ይመራችኋል። ቡናማው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት። ነጩ በቁልፉ የሚመጣ ነው። አረንጓዴው ከቁልፉ በኋላ በፊውዝ ያለፈ፣ ወይን ጠጁ ሁልጊዜ ሕያው ሆኖ በፊውዝ ያለፈ ነው። ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቀዩ የማታ መብራት፣ ጥቁሩ ማሳ። ቡናማው ፊውዝ እንደሌለበት ልብ በሉ። እሱን ቦዲ ካስነካችሁት የሚያቆመው የለም። ዋና ፊውዝ ጨምሩለት።

መቀጠያው

ሽቦ ሳይላጥ ጠቅ ተደርጎ የሚነክሰውን ሰማያዊ ፕላስቲክ መቀጠያ ባገኘሁበት ሁሉ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ቢላዋው ግማሹን ክር ይቆርጣል፤ በቀዳዳው ውሃ ይገባል፤ በዓመቱ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። በናስትሮ ብቻ የተጠመጠመም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሙጫው ይፈሳል።

ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀውን ብረት) የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ግን ስታኞው በክሮቹ መሃል ይሳብና ሽቦውን ያደርቀዋል። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው የሚሰበረው ደረቁ ካለቀበት ነጥብ ነው። ጥሩ ተርሚናል፣ ለእሱ የተሠራ መጭመቂያ ፒንሳ፣ በላዩም በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን። ከጨመቃችሁ በኋላ በኃይል ጎትቱት። ከወጣ መጀመሪያም አልተያዘም ነበር።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የቤንዚኑም የሙቀቱም ጌጅ አንድ ላይ ከፍ ብለው ካነበቡ፣ ለሁለቱም 10 ቮልት የሚሰጠው ማረጋጊያ ማሳ አጥቷል።

ኤልኢዲ አምፑል አስገብታችሁ ፍሬቻው አልበልጭ ካለ፣ የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) በሙቀት ስለሚሠራ አምፒሩ አልበቃውም። የኤሌክትሮኒክስ ፍላሸር ቀይሩ።

ባትሪው ሲያድር ከሞተ፣ ከባትሪው ጋር አምፒር መለኪያ በተከታታይ አስገቡ። ሰዓትና ሬዲዮ የሌለው መኪና ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይገባል። ዲናሞው (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ሲነቀል ንባቡ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በውስጡ ያለው ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል ነው።

የዝናብ መጥረጊያው ከዘገየ ቅባቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን ከመወንጀላችሁ በፊት ማርሹን ክፈቱ።

ትልቅ ዲናሞ ስታስገቡ

ከ30 ወይም 40 አምፒር ወደ 65 መሻገር ጥሩ ነው፤ ዲናሞውን ብቻ መቀየር ግን ጥሩ አይደለም። የድሮው ቡናማ ሽቦ ያን ሁሉ አይሸከምም። ዳሽቦርዱ ላይ አምፒር መለኪያ ካለ ደግሞ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ይቃጠላል። ከዲናሞው እስከ ባትሪው አዲስ ወፍራም ገመድ ከፊውዝ ጋር ዘርጉ። አምፒር መለኪያውን በቮልት መለኪያ ቀይሩት።

ቦዲው ከፖዘቲቩ ጋር የታሰረ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኔጋቲቭ መዞር አለበት። የኮይሉን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሁለት ሽቦዎች አገለባብጡ። በቋሚ ማግኔት የሚሠራ የማሞቂያ ማራገቢያ ካለ ወደኋላ ይዞራል፤ የእሱንም ገልብጡ። አዲሱን ዲናሞ ሳታስሩ ባትሪው በየት በኩል እንደተገጠመ ደግማችሁ እዩ። በተገላቢጦሽ ከነካ ዳዮዶቹ ወዲያው ይሄዳሉ፣ ሻጩም አይመልስላችሁም።

ሥራው ሲያልቅ ባትሪውን በቀጥታ አትሰሩት። ያንኑ 21 ዋት አምፑል በምሰሶውና በገመዱ መሃል አስገቡ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፑሉ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት ቀርቷል፣ ተመለሱ። ካልበራ እሰሩና ሞተሩን አስነሡ፤ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መገኘት አለበት። ከዚያ መብራቱን ሁሉ አብርታችሁ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሞተሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣታችሁ ዳስሱ። ሞቆ ያገኛችሁትን ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት።