የፍቅር ልብ ወለድና የጅማ ወቅቶች፦ ለጀማሪ ጸሐፊ

የፍቅር ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ወር ይወስን፤ ወሩ ከታወቀ ወዳጆቹ የት እንደሚገናኙ፣ ምን እንደሚያግዳቸውና ስንት ቀን መታገሥ እንዳለባቸው አብሮ ይታወቃልና። ዝናቡን ለኀዘን፣ ፀሐዩን ለደስታ መመደብ ግን አንባቢ የሰለቸው ልማድ ነው።

ታሪኩ ጅማ ላይ ከሆነ ጸሐፊው ከቡናው ይጀምር። በየካቲትና በመጋቢት ደረቁ ጊዜ በዝናብ ሲሰበር፣ ታምቆ የቆየው እምቡጥ ከሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ በአንድነት ይፈነዳና ጓሮው ሁሉ ነጭ ለብሶ ያውዳል፤ ነገር ግን አበባው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይጠወልጋል። ቀጠሮው በእነዚህ ቀናት ላይ ቢውልና አንደኛው ቢዘገይ፣ ቡኒ ሆኖ የረገፈውን አበባ ማሳየት ስለ ጸጸት ገጽ ሙሉ ከመጻፍ ይበልጣል።

ክረምቱ የምስጢር ጊዜ ነው። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ከጓዳ የሚወጣውን ሹክሹክታ ይሸፍናል፤ ጭቃው ደግሞ መንገደኛውን ካሰበበት ያስቀረዋል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ለቀማ ከሁሉም የበለጠ ለጸሐፊ የተመቸ ይመስለኛል። ቀይ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ሳምንታት ስለሚፈጅና በየጊዜው በእጅ መገላበጥ ስላለበት፣ አባት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እያዩ እንኳ ሁለት ወጣቶች ከአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው እጃቸውን ሊያቀራርቡ ይችላሉ። ቡናው ተሽጦ ገንዘብ ሲገባ ደግሞ የሽማግሌ ነገር ይነሣል፤ የታሪኩ ድምፅም ከስስ ምኞት ወደ ጥሎሽና ወደ ድግስ ስሌት ይሻገራል።

በስም አጠራር መጠንቀቅም ይገባል፤ መስከረምን ጸደይ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር በባሕረ ሐሳብ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ሲሆን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ነው።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዳቸው ሙስሊም ከሆኑ፣ በጅማም ይህ የተለመደ ነውና፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ እንደሚዞር ይታወስ። ስለዚህ የአፍጥር ትዕይንቱ በዝናብ ማታ ይሁን ወይም በለቀማ ማግሥት ጸሐፊው የሚያውቀው የታሪኩን ዓመተ ምሕረት ከወሰነ በኋላ ብቻ ነው።