ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ካሳደጉ በኋላ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ኮምፓይል አልሆን ሲል

ምልክቱ ይህ ነው፦ ከአፕግሬዱ በፊት በደንብ ይሠራ የነበረ ኮድ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይነካ፣ ዩኢንት32_ቲ (uint32_t፣ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር) የሚባል ታይፕ አላውቅም እያለ የኤረር መዓት ያወርዳል።

ቢልድ ኢሴንሻልን (የኡቡንቱን የኮምፓይለር ጥቅል) አጥፍቶ መጫን ምንም አልፈየደም። የቢልድ ፎልደሩን መሰረዝም ብቻውን አልበቃም፤ ሲሜክ (CMake፣ ግንባታውን የሚያዘጋጀው መሣሪያ) የድሮውን ኮምፓይለር በካሹ ስለሚይዝ ግን ለማንኛውም መሰረዝ አለበት። የድሮውን የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ጂ ፕላስ ፕላስ 11ን፣ ጎን ለጎን ጭኖ በእሱ መገንባት ኤረሩን ያጠፋል፤ ችግሩን ለነገ ማሳደር ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 22.04 ጂሲሲ (ጂ ፕላስ ፕላስ ያለበት የኮምፓይለር ስብስብ) 11ን፣ 24.04 ደግሞ ጂሲሲ 13ን ይዞ ይመጣል። ከ13 ጀምሮ አንዳንድ የስታንዳርድ ላይብረሪ ሄደሮች ሲኤስቲዲኢንትን (cstdint፣ ዩኢንት32_ቲን የሚያስተዋውቀውን ሄደር) በውስጣቸው መጥራት አቁመዋል። ኮዱ ስትሪንግ የሚባለውን ሄደር ብቻ ኢንክሉድ አድርጎ ሲኤስቲዲኢንትን በእሱ በኩል በነፃ ያገኝ ነበር ማለት ነው።

የሠራው፦ ከኤረሮቹ የመጀመሪያውን ብቻ ማየት (የቀሩት የእሱ ጭራ ናቸው)፣ የጠቆመውን ሄደር ፋይል ከፍቶ አናቱ ላይ ሲኤስቲዲኢንትን ኢንክሉድ ማድረግ። ሊነካ የማይችል የሌላ ሰው ላይብረሪ ከሆነ፣ በሲሜክ የሲኤክስኤክስ ፍላግስ (CMAKE_CXX_FLAGS፣ ለሲ ፕላስ ፕላስ ፋይሎች ብቻ የሚሰጡ አማራጮች) ውስጥ የኢንክሉድ ፍላግን ከነሄደሩ ስም መስጠት። በሲ ፍላግስ (CMAKE_C_FLAGS) ውስጥ ግን እንዳይገባ፤ ሄደሩ የሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ የሲ ፋይሎቹ ይወድቃሉ።

ከዚያ በኋላ፣ ፕሮጀክቱ ኮድ የሚያመነጭ የፓይተን ስክሪፕት ካለውና እሱ ዲስትዩቲልስ (distutils የሚባለው የፓይተን ሞጁል) የለም ካለ፣ ፓይተን 3.12 ስላወጣው ነው። የድሮውን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ጥሎ አዲስ መፍጠርና ዲስትዩቲልስን የሚተካውን ሴትአፕቱልስን እዚያው ውስጥ መጫን ይበቃል።